የወንዙ ዳር መናፈሻና የሰኞ አንባቢዎች

ውድ ወንድሜ ክሌም፣

ባሕሩን ሁሉ ተሻግሮ የናፍቆት ሰላምታዬ ለአንተ፣ ለሚስትህ ለማራማና ለልጃችሁ ለሂኔ ይድረስልኝ። ጤናችሁ እንዴት ነው? ጉልበትህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ደረጃ በወጣህ ቁጥር እንደ አባባ ታቃስታለህ? ማራማ እናቷን ካሳከመች ወዲህ እንቅልፍ አገኘች? ሂኔስ ፈተናዋን እንዴት ተወጣችው? እናንተ ዘንድ አሁን በጋው እየገባ ነው፤ እኛ ዘንድ ትናንት የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። ያ ባሌ ስታን የበረዶ አካፋውን ፍለጋ ጋራዡን ሲያተራምስ አረፈደና በመጨረሻ አምና ራሱ ካስቀመጠበት ቦታ፣ ከመኪናው የኋላ ሣጥን አገኘው። «ሌባ መለሰው» ብሎ ድርቅ አለ።

እኔ ደህና ነኝ። ቀኝ እጄ አልፎ አልፎ ይደነዝዛል፤ ዕድሜውን ሙሉ መቀስ የያዘ እጅ ምን ያድርግ። ሐኪሙ «ሥራ ቀንሺ» አለኝ። «እሺ» ብዬው ወጣሁና ያን ዕለት የአንዲት ሙሽራንና የሚዜዎቿን ሁሉ ፀጉር ስሠራ ዋልኩ። ስታንም ያው ነው፤ ሆዱ ትንሽ ጨምሯል፣ ጆሮው ትንሽ ቀንሷል።

ስልክ ላይ ሁሌ «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ተባብለን እንዘጋለን። እኔ ራት ስበላ አንተ በሥራ ስትጣደፍ፣ አንተ ስትረጋጋ እኔ ስተኛ፣ ዓመቱ አለቀ። ዘንድሮ እዚህ የሆነው ደግሞ ተቆራርጦ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ስታንን ከወጥ ቤት አስወጥቼ፣ ጠረጴዛውን ጠርጌ ቁጭ ብያለሁ።

ወንዙን መቼም አትረሳውም። ፋብሪካው በነበረበት ዘመን ያ የዝገት መልክ ያለው ውሃ ሲወርድበት፣ እማማ «እግሩን ነክሮ የመጣ ቤት አይገባም» ትለን ነበር። አንተ ነክረህ መጥተህ ሳምንቱን ሙሉ ስታክክ ከረምክ። አሁን ያ ውሃ ጠርቷል ብልህ ታምነኛለህ? ዓሣ ተመልሶበታል። ዳር ዳሩ ግን ፋብሪካው ከተዘጋ ጀምሮ ባዶ መሬት ነው፤ በሽቦ ታጥሮ፣ አሮጌ ጎማና የተሰበረ ፍሪጅ መጣያ ሆኗል። ከአጥሩ ወዲህ የፒር መንገድ ሰዎች ይኖራሉ፤ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ እንደኛ የስሎቫክ ዘር፣ አሁን አሁን ደግሞ ከጓቲማላ የመጡ አሉበት። ሁሉም ማለት ይቻላል ተከራይ ነው። ልጆቻቸው የሚጫወቱት መኪና በሚያልፍበት አስፋልት ላይ ነው።

እኛ የሰኞ አንባቢዎች ይህን ሽቦ አንስተን መናፈሻ ካላደረግነው ብለን የተነሳነው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። የሰኞ ንባባችንን ነግሬሃለሁ፤ ፀጉር ቤቴ ሰኞ ሰኞ ዝግ ስለሆነ ወንበሮቹን አዙረን፣ ወፍራሟ ግሬችን እንደ ንግሥት ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጣ፣ ስታን ጎመንና ፓስታ በቅቤ ጠብሶ በትልቁ ድስት አምጥቶ፣ የምናነብበት። የጀመርነው በዚያ ክፉ ምርጫ ማግስት ነበር። ደንበኞቼ ሁሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲጮሁ፣ ሲሳደቡ፣ ሲያለቅሱ ሰነበቱና አንድ ቀን እኔው ደከመኝ። «ተራማጆች ነን እንላለን፤ ወዴት ነው የምንራመደው? ቢያንስ ከኛ በፊት የተራመዱት ምን እንደገጠማቸው እናንብብ» አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሠራተኛ ማኅበራት፣ ስለ ሐኪም ቤት፣ ስለ ድምፅ መስጫ ሕግ ያላነበብነው የለም። አንድ ሕግ ብቻ አለን፤ ጸሐፊውን ከመራገምህ በፊት ምን እንዳለ እሱ ራሱ ቢሰማ «አዎ፣ ይህን ነው ያልኩት» በሚልበት መንገድ መናገር አለብህ። አንተ እዚህ ብትኖር አንድ ሰኞ አትቆይም ነበር።

ጆኤል ፋርኳርም ከዚያው የወጣ ነው። ፒዛ ቤት እየሠራ ይመጣ የነበረው፣ ዱቄት የነካው ቆብ አድርጎ ከሁሉም ጋር የሚከራከረው ልጅ። ለእኔና ለስታን እግዜር ልጅ አልሰጠንም፤ ይህ ልጅ ግን ቀስ በቀስ ገብቶ ልባችን ውስጥ ተቀመጠ። ለከተማው ምክር ቤት ሲወዳደር ደጅ ለደጅ አብሬው ዞርኩ። በራሪ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ነበር በትልቁ የተጻፈው፦ የወንዙ ዳር መናፈሻ። አሸነፈ። ፊርማ ተሰበሰበ፣ ካርታ ተነሳ፣ ክፍለ ግዛቱ ገንዘብ መደበ፤ ዘንድሮ ኤፕሪል ላይ ምክር ቤቱ ድምፅ ሊሰጥ ቀን ተቆረጠለት። እኔ ለዚያ ቀን የምለብሰውን አረንጓዴ ቀሚስ ሳይቀር ገዝቼ ነበር።

ታዲያ በብርዱ ወራት ኦዴሳ አንድ ሐሳብ አመጣች። ኦዴሳ ፕሪቸት ኮሌጁ ውስጥ ስለ ከተሞች ታስተምራለች፤ እኛ ዘንድ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሳቋ ግን ግድግዳ የሚያነቃንቅ ሴት ናት። «በሌሎች ከተሞች መናፈሻ ከተሠራ በኋላ ዙሪያው የነበረው ሰው ምን ሆነ የሚለውን ብናነብስ?» አለች። እኔ ደስ አለኝ። መናፈሻችንን የሚያወድስ መሰለኝ፤ ለበራሪ ወረቀት የሚሆን ጥሩ ጥሩ ዐረፍተ ነገር እቀዳለሁ ብዬ እርሳስ ሁሉ ቀረጽኩ።

ክሌም፣ ክው ነው ያልኩት። ጥናቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር አልተናገሩም፤ አንዳንድ ቦታ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። በብዙ ቦታ ግን ዛፉ ሲተከል ኪራይ ወጣ፣ ኪራይ ሲወጣ ሰው ለቀቀ፣ መናፈሻው የታሰበለት ልጅ ከተማው ዳር ሌላ አስፋልት ላይ መጫወት ቀጠለ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው አዲስ ሰው ነው። አንብበን ስንጨርስ ግሬችን «ይሄ የትልልቅ ከተማ ወሬ ነው። ካልደር ፎልስን ማን ፈልጓት ነው ኪራይ የሚወጣው? እኛ እንኳ ብንችል እንወጣ ነበር» አለች። ሰው ሳቀ። ኦዴሳ አልሳቀችም። «እውነትሽን ሊሆን ይችላል። ግን አናውቅም። ሳናውቅ ደግሞ ልንፈርድ ነው» አለች።

እኔ ደሜ ፈላ። «አንቺ ትናንት የመጣሽ! እኛ በዝናብ ቆመን ፊርማ ስንለምን የት ነበርሽ?» አልኳት፤ ሁሉም እየሰማኝ። ኦዴሳ መነጽሯን አወለቀች። «ሎሬታ፣ እኔም መናፈሻውን እወደዋለሁ። ያነበብነውን ግን አላነበብንም ብዬ ቤቴ ልሄድ አልችልም» አለችኝ። ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። ያን ቀን የስታንን ጎመን የበላ የለም።

በሚቀጥለው እሑድ ስታን ድንች ሲልጥ እኔ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቶቹን እንደገና ዘረጋሁ፤ ስሕተታቸውን ፈልጌ ላገኝ ነበር ሐሳቤ። ስታን መቼም ከመኪና መጽሔት ሌላ አንብቦ አያውቅም። «ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ፣ ዝም ስትይ ያስፈራኛል» አለኝ። አነበብኩለት። ልጣጩን እየጠቀለለ ሰማና «እሺ፣ የለቀቁት ሰዎች የት ሄዱ ይላል?» አለኝ። ገለበጥኩ፣ ፈለግኩ። ጥናቱ በግልጽ ጽፎታል፤ የለቀቁትን ብዙዎቹን ሊያገኟቸው አልቻሉም። «አልተገኙም» አልኩት። «ሰው እንዴት አይገኝም?» አለና ድንቹን አስቀመጠ። እኔም ስሕተት መፈለጌን ተውኩ።

ማክሰኞ ሚስ አልታ ጌይንስ መጡ። ታውቃቸዋለህ፤ የትምህርት ቤታችን ወጥ ቤት ይሠሩ የነበሩት፣ አንተን «ቀጭኑ» ብለው ሁለት ጊዜ የሚጨልፉልህ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ፒር መንገድ፣ ያቺ ሰማያዊ ቤት። ፀጉራቸውን እያጠብኩ ቀስ ብዬ «ሚስ አልታ፣ ሠፈሩ እንዴት ነው? አከራይዎ ደህና ናቸው?» አልኳቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው ሳቁ። «የትኛው አከራይ? ሽማግሌው እኮ ቤቱን ሸጠው። አዲሱን አላየሁትም፤ አንድ ልጅ ልኮ ግን ቤቱን ከፊትም ከኋላም ፎቶ አስነስቷል። ልጁን ‹እኔም ልግባበት ወይስ ቤቱ ብቻ ነው የሚያምረው?› አልኩት። መናፈሻ ሊሠራ ስለሆነ ነው አለኝ።» ከዚያ ጭንቅላታቸውን ከገንዳው ቀና አድርገው፣ ውሃው አንገታቸው ላይ እየወረደ፣ «አንቺ ሎሬታ፣ ዛፍ ልትተክሉልኝ እኔን ልትነቅሉኝ ነው?» አሉኝ። በቀልድ ነው ያሉት። እኔ ግን ፎጣውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ወደ ኦዴሳ የሄድኩት በዚያው ሳምንት ነው። ኮሌጁ ደረጃ ላይ አገኘኋትና የሚስ አልታን ነገር ነገርኳት፤ «ልክ ነበርሽ» አልኳት። ትደሰታለች ብዬ ስጠብቅ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «እሱ አንድ ቤት ነው፣ ሎሬታ። እኔም ልክ መሆኔን አላውቅም። እንጠይቅ» አለችኝ። እንደዚህ ናት። ሲስማሙላትም ማስረጃ ትፈልጋለች።

ጠየቅን። ብርዱ ሳይወጣ ፒር መንገድን ከላይ እስከ ታች ደጅ ለደጅ ዞርን። ብዙ ቤት ባለቤቱ ተቀይሯል፤ ብዙ ሰው የኪራይ ውሉ እንደማይታደስለት ተነግሮታል። እሱን ጠርጥረን ነበር። ያልጠረጠርነው ሌላ ነው፤ መናፈሻውን የጠላ ሰው አላገኘንም። አንዲት የጓቲማላ እናት ሕፃን ታቅፋ በር ላይ ቆማ «ሥሩት እንጂ! ግን እኔ ሳለሁ ሥሩት» አለችን። እኔ እኮ መናፈሻውን ትተን አርፈን እንቀመጥ ልል ነበር። እንደዚያ ብል ከመጀመሪያው ስሕተቴ የባሰ ነው የሚሆነው።

ተመልሰን ማንበብ ጀመርን። ይህ ነገር የደረሰባቸው ከተሞች ምን አደረጉ? አንዳንዶቹ ነዋሪው ራሱ የሚመራው ባለአደራ ማኅበር አቋቁመው ቤቶቹን ገዝተው ኪራዩ እንዳይንር አስረውታል። ኦዴሳ እዚህም ላይ አላጋነነችም። «በሁሉም ቦታ አልተሳካም። ያልተሳካው በአብዛኛው ዛፉ ቀድሞ ቤቱ የተከተለበት ነው። ቅደም ተከተሉ ነው ነገሩ» አለች። ስለዚህ የምንጠይቀው ታወቀ፤ ኤፕሪል ላይ ሊሰጥ የታሰበው ድምፅ ይቆይ፣ መጀመሪያ ቤቶቹ፣ ከዚያ መናፈሻው። ይህን ለጆኤል የሚነግረው ማን ነው ሲባል ሁሉም ወደኔ ዞረ።

ጆኤል ፀጉሩን ሊቆረጥ መጣ። ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰርኩ፣ በግራ በኩል ጀመርኩ፣ ስለ ሴት ልጁ የውሃ ዋና ትምህርት ጠየቅኩት፤ ከዚያ «ጆኤል፣ የመናፈሻው ድምፅ ይዘግይ» አልኩት። በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

«ቀልድሽን ነው።»

«አይደለም።»

«መቀስ አንገቴ ላይ ይዘሽ ነው እንዲህ ያለ ወሬ የምታወሪኝ?» አለና ሊስቅ ሞከረ። ያነበብነውን፣ የጠየቅነውን ነገርኩት። እየሰማ ፊቱ ጠቆረ። «ሎሬታ፣ ገንዘቡ ጊዜ አለው፤ ከዘገየ ይመለሳል። ኖቬምበር ምርጫ አለብኝ። ሰው የሚያየው ነገር ይፈልጋል። ዛፍ ይታያል። አግዳሚ ወንበር ይታያል። ያልተባረረ ሰው ግን አይታይም!» አለኝ። እውነቱን ነው። «ደግሞስ አንብብ ብላችሁ ያሳደጋችሁኝ እናንተ አይደላችሁም እንዴ? ዛሬ ልትጥሉኝ ነው?» አለ። «አዎ፤ ታዲያ አንብብ» ብዬ ወረቀቶቹን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ጨርቁን ከአንገቱ ፈታና ወረቀቶቹን ይዞ ወጣ፤ ግራው የተቆረጠ፣ ቀኙ ያልተቆረጠ። በማግስቱ የአንድ ድልድይ ምረቃ ነበረበት። ጋዜጣው ላይ ፎቶው ወጣ፤ ከተማው ሳቀ። ቀኙን ሌላ ፀጉር ቤት ሄዶ ነው ያስተካከለው። ክሌም፣ ከሁሉም ያሳመመኝ እሱ ነው።

የድምፅ መስጫው ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። አረንጓዴውን ቀሚስ አልለበስኩም። ተራዬ ደርሶ ማይክሮፎኑ ጋ ቆሜ «ድምፁ ይቆይ» ስል፣ ግሬችን ከፊተኛው ረድፍ ተነስታ «ሎሬታ፣ አንቺ ከማን ጋር ነሽ? ከራስሽ ፊርማ ጋር ነው የምትጣዪው?» ብላ ጮኸች። ያደግንበት ሠፈር አንድ ነው፣ ሠርጌ ላይ ሚዜዬ ነበረች። «ከፊርማዬ ጋር አልተጣላሁም፣ ግሬችን። ከፈረምኩ በኋላ አነበብኩ ነው የምልሽ» አልኳት። አንዳንዱ አጨበጨበ፣ አንዳንዱ አፏጨብኝ። የጓቲማላዋ እናት ተናገረች። ሚስ አልታም ተነሱ። «እኔ ከዛፍ ጋር ጸብ የለኝም። ዛፉ ሥር የማልቀመጥ ከሆነ ግን ለማን ነው የሚተከለው?» ብለው ተቀመጡ።

የጆኤል ተራ ሲደርስ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። «መናፈሻውን ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ቃሌ ነው» አለ። «ግን ቃል ከመግባቴ በፊት ማንበብ የነበረብኝን ያነበብኩት ቃል ከገባሁ በኋላ ነው። ይሄን ስነግራችሁ አፍራለሁ። ሳልነግራችሁ ድምፅ ብሰጥ ግን የበለጠ አፍራለሁ።» ድምፁ እንዲቆይ፣ ባለአደራ ማኅበሩም እንዲቋቋም የጠየቀው እሱ ራሱ ነው። በአንድ ሰው ብልጫ አለፈ። ኋላ እንደነገረኝ፣ ወረቀቶቹን ያነበበው ልጁን ከዋና እስክትወጣ መኪና ውስጥ ሲጠብቅ ነው፤ ከዚያም ብቻውን ፒር መንገድ ሄዶ ሚስ አልታ የሎሚ ኬክና ቁጣ እኩል እኩል አብልተውታል።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ክፍለ ግዛቱ ከመደበው ግማሹ ተመለሰ። ግሬችን እስካሁን መንገድ ላይ ስታየኝ ማዶ ትሻገራለች፤ ካስኩ ሥር ያለውን ወንበር ማንም ደፍሮ አልተቀመጠበትም። ማኅበሩ ተቋቁሞ፣ ወረቀቱ አልቆ የመጀመሪያዎቹን ቤቶች ሲገዛ በጋው አልፎ ነበር። የጓቲማላዋ እናት ቤት ከነሱ አንዱ ነው፤ ያ ረድፍ በሙሉ ማለት ይቻላል ድኗል።

የሚስ አልታ ግን አልደረሰም። አዲሱ አከራይ ቤቱን ልሸጥ አልፈልግም አለ፤ ውላቸው ሲያልቅም አላደሰም። ዕድሜ ልካቸውን የኖሩባትን ሰማያዊ ቤት ለቀው ሲወጡ ሁላችንም ዕቃ ተሸከምን። ኦዴሳ አንድ የጠረጴዛ መብራት ታቅፋ መንገዱ መሃል ቆማ ስታለቅስ አየኋት። «ጥናቱን አንድ ዓመት ቀደም ብዬ ማምጣት ነበረብኝ» አለችኝ። ዘመድ አላቸው እንዳንል ሚስ አልታ የቀራቸው አንድ የእህት ልጅ ቴክሳስ ነው። የት ይሂዱ? እኔ ስታንን አየሁት፣ ስታን እኔን አየኝ።

ስለዚህ ክሌም፣ ፎቅ ላይ ያለው የአንተ ክፍል አሁን የሚስ አልታ ነው። ቤቱ እማማ ለሁለታችንም የተወችው መሆኑን አውቃለሁ፤ ሳልጠይቅህ ነው ያስገባኋቸው። ዝናብ ስለነበረና ዕቃው መንገድ ላይ ስለቆመ ነው። ያንተን የሆኪ ጫማና የመርከብ ሞዴሎች በሙሉ አንድም ሳይሰበር ጋራዥ አውርጃለሁ (አንዱ ሸራው ትንሽ ተቀድዷል፤ ስታን ነው)። ስትመጡ ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ ሚስ አልታም «ቀጭኑ ከመጣ እኔ ሶፋ ላይ» ብለዋል፤ አትሰማቸው። መልስህን ስትጽፍ ግን በአንድ መስመርም ቢሆን «ደግ አደረግሽ» በለኝ፣ ልቤ ይረፍ።

ጆኤል በኖቬምበሩ ምርጫ ተሸነፈ። ተፎካካሪው የዕቃ መሸጫ ሱቅ ያለው ሰው ነው፤ በየአጥሩ የሰቀለው ጽሑፍ «ጆኤል ያነባል፣ እኔ እሠራለሁ» ይላል። ሰው ወደደው። በጥቂት ድምፅ ነው የተበለጠው፤ የፒር መንገድ ሰዎች ከዚያ በፊት ባላደረጉት ብዛት ወጥተው መረጡት፣ የመናፈሻ ወዳጆቻችን ግን ብዙዎቹ ቤታቸው ቀሩ። ያን ዕለት ስልክ ደወልኩለት፤ አላነሳም። እኔም አልተኛሁም።

ባለፈው ሰኞ ግን በሩ ተከፈተና ጆኤል ገባ። ፀጉሩ ጆሮው ላይ ወርዷል። ማንንም ሰላም ሳይል የመቁረጫው ወንበር ላይ ተቀመጠና «ሎሬታ፣ ዛሬ ሁለቱንም ጎን» አለኝ። ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰርኩ። ስታን የጎመን ሳህን አስታቀፈውና እንደልማዱ ሳያቅማማ «እና ማንበቡ ምን ጠቀመህ?» አለው። ሁላችንም ደነገጥን። ጆኤል በሹካው ወደ ሚስ አልታ አመለከተ፤ «እሳቸውን ጠይቃቸው» አለ።

ሚስ አልታ እኛ ቤት ከገቡ ወዲህ አንድ ሰኞ ቀርተው አያውቁም። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ወረቀቱን ያዩ ነበር። «እኔን አልጠቀመኝም» አሉ። ኦዴሳ አንገቷን ደፋች። «ጎረቤቶቼን ግን ጠቅሟቸዋል፤ ዛሬ ጠዋት ሁሉም ቤታቸው ነበሩ፣ ሄጄ አይቻለሁ። ስለዚህ አንብቡ። ግን እባካችሁ ልጆች፣ ፈጠን አድርጋችሁ አንብቡ!» የሳቀው ሁሉ ዐይኑን እየጠረገ ነው። ከዚያ ኦዴሳ ወረቀቱን አነሳችና የሚቀጥለውን ገጽ ጀመረች። ስለ አውቶቡስ ነው። እኔም የጆኤልን ፀጉር ቆረጥኩ፣ ቀኙንም ግራውንም።

ሻይዬ በረደ፤ እጄም ደከመ። ማራማን እቀፍልኝ፤ የላከችልኝን የሱፍ ሹራብ ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው የምለብሰው በላት። ለእናቷ ምሕረት ይላክላቸው። ሂኔን ግንባሯን ሳምልኝ፤ አክስትሽ የምታነቢውን መጽሐፍ ስም ላኪ ብላለች በላት። ጎረቤትህን ያንን ጀልባ ሠሪውን፣ ጥርሱ የወለቀውን፣ ሰላም በለው። ስታን «ጉልበቱን ሽንኩርት ይሸው» ይልሃል፤ አትሞክረው። ጆኤልና ኦዴሳ በስም ብቻ ለሚያውቁህ ለአንተ ሰላምታ አላቸው። ሚስ አልታም ከላይ ሆነው «ቀጭኑ አሁንም ቀጭን ነው?» ብለው እየጠየቁኝ ነው።

የምትወድህ እኅትህ
ሎሬታ

ካልደር ፎልስ፣ ፔንሲልቬንያ
እሑድ፣ ዲሴምበር 3 ቀን 2023